ባለቤቴ ከፍቶ አይቷታል

ቅዳሜ፣ 42 ቀን ይቀራል

ደብዳቤው ዛሬ በኢሜይል ደረሰኝ። የአፊሊየት ማርኬቲንግ ኮንፈረንስ፤ ሁለት ቀን፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ከዚህ በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ። የሚገርመው የጠሩኝ ቁጭ ብዬ እንድሰማ ብቻ አይደለም። አሥር ደቂቃ መድረክ ላይ ወጥቼ እንድናገርም ነው። ርዕሱን ራሳቸው መርጠውልኛል፦ «የአንባቢን እምነት እንዴት አገኘሁ»። መግቢያውን፣ መንገዱንና ማደሪያውን ግን እኔው ነኝ የምችለው።

ለእህቴ ደወልኩላት። «ሥራሽ ግን ምንድን ነበር?» አለችኝ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ስለ ስፌት ማሽኖች እጽፋለሁ፣ ሰው ገጼ ላይ ባለው ሊንክ ገብቶ ከገዛ ሻጩ ኮሚሽን ይሰጠኛል፣ ይኸው ነው አልኳት። «ደላላ ነኝ አትዪም ታዲያ» አለች።

እውነቷን ነው። ከሌላው ደላላ የምለየው በባለቤቴ ነው። እሱ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው፤ የቤታችን የፊት ክፍል ወርክሾፑ ነው። የምጽፍላት ማሽን ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ትወጣለች። እኔ ደብተሬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ቡሎኖቿን ይፈታል፣ ሆድ ዕቃዋን ያያል፣ አንድ ቃል ወይም ሁለት ቃል ይናገራል። «ትከርማለች»፣ ወይም «ለጌጥ ናት»። እኔ ያችን ወደ ሁለት ገጽ አደርሳታለሁ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር አንድ መስመር አለች፦ «ባለቤቴ ከፍቶ አይቷታል።» ሰው የሚያምነኝ በዚያች መስመር ነው።

ስለ ኮንፈረንሱ እስካሁን አልነገርኩትም። እራት ላይ እነግረዋለሁ።

ሰኞ፣ 40 ቀን

አልነገርኩትም። ሥራ በዝቶበታል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ዩኒፎርም ሰፊዎች ማሽናቸውን ተሸክመው እየመጡ ነው፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው መተላለፊያ የለም።

ለመወሰን እንዲቀለኝ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ። መሄድ ይጠቅማል፦ አምራቾቹን ፊት ለፊት አገኛለሁ፣ የተሻለ ኮሚሽን እጠይቃለሁ፣ ሌሎቹ እንዴት እንደሚሠሩ አያለሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከዚህ ቤት ወጣ እላለሁ። አይጠቅምም፦ ወጪው የአንድ ወር ኮሚሽኔን ይበላል፣ የሚባለው ሁሉ ኋላ በቪዲዮ ይለቀቃል፣ ሰው ፊት መናገር አልወድም። በዚህኛው በኩል አንድ ምክንያት ጨምሬ መልሼ ሰረዝኩት።

ረቡዕ፣ 38

ነገርኩት። ጎርሶ እስኪውጥ ጠበቅኩ። «ስለ ምን ትናገሪያለሽ?» አለ። ስለ እምነት አልኩት። ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ። እሱ ዝምታ ይወዳል፣ ምንም ማለቱ አይደለም። ከዚያ ድንገት «ያቺን አረንጓዴ ማሽን ምን አደረግሻት?» አለኝ።

«መልሼ ላክኋት እኮ። ያኔውኑ።»

«አሃ» አለና ሳህኑን ይዞ ተነሣ።

አረንጓዴዋ አዲስ ሞዴል ናት፤ ክዳኗ አረንጓዴ ስለሆነ እንዲያ እንላታለን። የዛሬ ስድስት ወር አምራቹ እንድጽፍላት በውሰት ላከልኝ። ቡሎኖቿ ላይ ማኅተም ነበረባቸው፤ ማኅተሙ ከተነካ መመለስ አይቻልም የሚል ወረቀትም አብሮ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ አልወጣችም። ደግሞ ምን ያስፈልጋል? የዚያው አምራች የድሮዋ ማሽን ውስጧ ብረት በብረት ነበር፤ ባለቤቴ ራሱ «ትከርማለች» ያላት። የተቀየረው ክዳኑ ብቻ ነው። ሰፋሁባት፣ ወደድኳት፣ ጻፍኩላት። ዛሬ ግማሹ ኮሚሽኔ ከሷ ገጽ ነው የሚመጣው።

ዓርብ፣ 36

ሻይ ይዤ ወርክሾፕ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ አራት አረንጓዴ ክዳን አለ።

ተወዳጅ ስለሆነች ነው። ብዙ የተሸጠ ነገር ብዙ ይበላሻል።

ሰኞ፣ 33

እህቴ ስለ ልብስ ልትመክረኝ መጣች። እኔ ገና መሄዴን ሳልወስን እሷ የጫማውን ቀለም ወስናለች። «ደላላ በማይክሮፎን» እያለች አሳቀችኝ። ፎቶ ተነሥቼ ገጼ ላይ እንድለጥፍ፣ ሰው በፊቴ እንዲያውቀኝ፣ አንዴ በመልኬ ከታወቅሁ ኮሚሽኑ ራሱ እንደሚከተለኝ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ከየት እንደሰማችው እንጃ፤ ከሷ ሲሰሙት ግን ቀላል ይመስላል።

ስትወጣ ወርክሾፑን አየት አድርጋ «ይሄ ሁሉ አረንጓዴ ምንድን ነው?» አለች። ሥራ ነው አልኳት።

ረቡዕ፣ 31

ኩሽና ሆኜ አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ሲናገር ሰማሁ። ጆሮዬን ጣል አላደረግኩም፤ ግድግዳው ስስ ነው። «ምርጥ ናት ያለችው ያንተ ሚስት አይደለችም እንዴ?» ባለቤቴ «ነገ ከሰዓት ና፣ ትደርስልሃለች» አለው። «ስንት ልያዝ?» «ተወው።»

ለምን ተወው እንዳለው አልገባኝም። የድሮ ደንበኛው ይሆናል።

ከአሁን በኋላ ሻዩን በር ላይ አስቀምጥለታለሁ። እጁ ዘይት ሲሆን ማቋረጥ ጥሩ አይደለም።

ዓርብ፣ 29

የመግቢያው ቅናሽ ዛሬ ያበቃ ነበር። ከፈልኩ። መሄዴ ነው ማለት ነው።

ሰኞ፣ 26

ንግግሩን ልጽፍ ተቀመጥኩ። «አንባቢ የሚያምነን...» ብዬ ጀመርኩ። ተነሥቼ ልብስ አጠብኩ። «እምነት በአንድ ቀን...» ሰረዝኩት። «በመጀመሪያ ባለቤቴን ማመስገን እፈልጋለሁ።» ይቺን አልሰረዝኳትም፤ ከሷ በታች ግን ምንም አልመጣልኝም።

ለሌላ ሰው አሥር ደቂቃ ምን አላት። እኔ አንድ ቀን ሙሉ አንድ መስመር።

ሐሙስ፣ 23

ዩኒፎርም ሰፊዋ መጣች። ሦስት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በመርፌዋ ነው። በወርክሾፑ ሳይሆን በኩሽና በር ነው የመጣችው፣ ወደ እኔ። አረንጓዴዋን በአንሶላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋታለች።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ለትምህርት ቤቱ ሁለት መቶ ዩኒፎርም ተቀብዬ ነበር። ሰባ ላይ ስደርስ ቆመች። ሞተሩ ይዞራል፣ መርፌው ግን አይወርድም። አሥር ቀን ነው የቀረኝ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ያሳዝናል፣ ዋስትና ይኖራት ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ነገር። እሷ ግን እኔን ማጽናናት ጀመረች።

«አንቺን አልወቅስም እኮ። አንቺ ያለሽን አነበብኩ፣ ጋሼ ደግሞ ከፍቶ አይቷታል። እሱ ከፍቶ አይቷት ከተበላሸች የኔ ዕድል ነው።»

ባለቤቴ በወርክሾፑ በር ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየሁትም። ሁሉንም ሰምቷል። ማሽኗን ከእጇ ተቀበለ፣ ገብቶም የእናቱን አሮጌ ማሽን ይዞ ወጣ፤ ያቺን ማንም እንዲነካት የማይፈቅዳትን። «ይቺን ይዘሽ ሂጂ፣ ያንቺን እስክሠራልሽ» አላት። እስከ ቤቷ ድረስ ተሸክሞላት ሄደ። ሲመለስ በኩሽናው አላለፈም።

እሑድ፣ 20

ዛሬ የአረንጓዴዋን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ሥር ላይ አለች። «ባለቤቴ ከፍቶ አይቷታል።»

ሆን ብዬ አልጻፍኳትም። በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ካልዋሸሁ፣ እውነቱ እንዲህ ነው፤ አዲስ ጽሑፍ ስጀምር የድሮውን ገልብጬ ከላይ ከላይ ያለውን እለውጣለሁ። የታችኛዋ መስመር ሁልጊዜ እንዳለች ትቀራለች፤ ሁልጊዜ እውነት ስለነበረች። ያን ጊዜም ቀረች። በማግሥቱ አይቻታለሁ ግን። ይቺን መካድ አልችልም። አይቻት፣ «የድሮዋን ከፍቶ አይቷል፣ ይቺም ያው ናት» ብዬ ለራሴ ነግሬ አለፍኩ። ያን ሰኞ ለሁለት የከፈልኩት ወረቀት ላይ፣ በ«አይጠቅምም» በኩል ጽፌ የሰረዝኩት ይህንኑ ነበር።

ስድስት ወር። ስንት ሰው ገዛት? ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ አለ፣ በየቀኑ ጠዋት ደስ እያለኝ የማየው ቁጥር ነው።

ሰኞ፣ 19

ገጹን አላወረድኩም። ለባለቤቴ ሳልነግር ማውረድ መደበቅ ይሆናል ብዬ ነው።

አልነገርኩትም ደግሞ።

ረቡዕ፣ 17

ነገርኩት። ከእራት በኋላ ነው የምጽፈው፤ ሳይረሳኝ ሁሉንም ላስፍረው።

ማሽን ዘይት እየቀባ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ «አረንጓዴዋን አልከፈትካትም» አልኩት። የሞኝ አጀማመር።

«አውቃለሁ» አለ።

«ጽሑፌ ላይ ግን ከፍተሃታል ይላል።»

«አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«የወጣ ዕለት።»

ጽሑፎቼን እንደሚያነብ አላውቅም ነበር። ስምንት ዓመት ስጽፍ አንድ ቀን «አነበብኩት» ብሎኝ አያውቅም። ሁሉንም ያነባል ለካ፤ ጠዋት ሱቅ ሳይከፍት፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ስልኩ ላይ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ።»

ተቀመጥኩ። የዩኒፎርም ሰፊዋን ማሽን ወደ ብርሃኑ አዞረልኝና በካቻቪቴው ጫፍ አሳየኝ። መርፌውን የሚያወርደው ጊር ፕላስቲክ ነው። ጥርሶቹ እንደ ሳሙና ተልጠዋል። የድሮዋ ብረት ነበር፤ ክዳኑን ሲለውጡ ጊሩንም ለውጠውታል። ቢከፍታት ኖሮ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ያየው ነበር።

«ማሽን ይበላሻል፤ እኔም የምኖረው በዚያው ነው» አለ። «እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ሰዉ መጥቶ 'ከፍተህ አይተሃት አይደል?' ይለኛል። አላየሁም ብል አንቺን ማጋለጤ ነው። አይቻለሁ ብል ውሸቴን ነው። ስለዚህ ጊሩን በብረት እቀይርና ሂሳብ አልቀበልም። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ስንት ሆኑ?»

«ከዚችኛዋ ጋር ዘጠኝ።»

አለቀስኩ። ልቅሶዬ ራሱ አስጠላኝ፤ እሱ እንዲያባብለኝ የማለቅስ መሰለኝ። አላባበለኝም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ባይቆጣኝም ቅር ብሎታል፤ እኔ ግን ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ 16

ሊንኩን አነሣሁት። ገጹን አላጠፋሁትም፤ ላይኛው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። «ይቺን ማሽን ባለቤቴ ከፍቶ አላያትም ነበር። አይቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጊሯ ፕላስቲክ ነው። ገዝታችሁ ከተበላሸችባችሁ ጻፉልኝ።»

«ላክ» የሚለውን ሳልጫን ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ተጫንኩት። ቤቱ እንዳለ ነው፤ ምንም አልሆነም።

ቅዳሜ፣ 14

ዛሬ አረንጓዴዋን ጠረጴዛ ላይ አወጣት። የዩኒፎርም ሰፊዋን፣ ሠርቶ የጨረሳትን። እንደገና ፈታት፤ ለእኔ ሲል። ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ አያት።

«ብረቱን ካስገቡባት ትከርማለች» አለ። እንዳለ ጻፍኩት። ለዘጠኙ ሰዎች ያስገባላቸውን የብረት ጊር ዋጋ ከኮሚሽኔ እንደምከፍል ነገርኩት። «ከኔ ኪስ ነው የወጣው፤ ለኔ ነዋ የምትከፍዪው» አለና ፈገግ አለ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ፣ 12

ለኮንፈረንሱ አስተባባሪ ጻፍኩላት። ስለ እምነት እናገራለሁ፣ ነገር ግን የምናገረው እንዴት እንዳገኘሁት ሳይሆን እንዴት እንዳጎደልኩት ነው፤ የማሽኗንም ስም እጠራለሁ።

ረቡዕ፣ 10

አስተባባሪዋ ደወለች። ድምጿ ደግ ነው።

«ጽሑፍዎን አነበብኩት፤ እውነቱን ለመናገር ልቤን ነክቶታል። ግን የአዳራሹን ኪራይ የሸፈነልን ያው አምራች ነው። ችግሬን ይረዱልኛል። እስቲ ስለ ፎቶ አነሣስ ቢናገሩልን?»

ስለ ፎቶ አነሣስ የማውቀው ነገር የለም አልኳት።

«እንግዲያው መድረኩን ለሌላ ሰው እንስጠው። መግቢያዎ ግን እንደተጠበቀ ነው።»

ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው፣ ግን ቀለለኝ። እህቴ «አንቺ እኮ ዕድልሽን በእግርሽ ነው የምትገፊው» አለች። የጫማው ቀለም አንገብግቧታል።

ቅዳሜ፣ 7

የቀድሞው ወረቀት ላይ ተመለስኩ። መድረክ የለም። ኮሚሽኑ በግማሽ ወርዷል። አምራቾቹ አሁን ስሜን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። በ«ይጠቅማል» በኩል ምንም አልቀረም። ከገዙት ውስጥ ሃያ ስድስት ሰዎች ጽፈውልኛል፤ ከመካከላቸው የተሳደቡት አራት ብቻ ናቸው። የቅርቦቹን ባለቤቴ ማሽናችሁን አምጡ ብሏቸዋል። የሩቆቹን ጊሩን በፖስታ እንልካለን።

ዩኒፎርም ሰፊዋ ሁለት መቶውን ጨርሳለች። የአማቴን ማሽን ልትመልስ መጥታ ነበር፤ ስታየኝ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ገጼን አንብባዋለች። «ነግረሽኝ ቢሆን እኮ» አለች፣ አልጨረሰችውም። ይቅርታ አልኳት። «እሺ» አለች። እሺታዋ ከልብ ለመሆን ገና ነው።

ሐሙስ፣ 2

ባለቤቴ የጉዞ ሻንጣዬን ዚፕ ሲሠራ አገኘሁት። «አልሄድም እኮ» አልኩት።

«ከፍለሻል።»

«የሚጠቅመኝ ነገር የለም።»

«ሳታዪው በምን አወቅሽ?» አለ፣ ከዚፑ ላይ ቀና ሳይል።

ቅዳሜ፣ ኮንፈረንሱ

ትናንት ማታ ደረስኩ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ ወንበሩ ይቆረቁራል። አንገቴ ላይ ስሜን አንጠልጥለውልኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተናጋሪዎች ያሉትን በቪዲዮ ብሰማው ይበቃኝ ነበር።

ሦስተኛው የአምራቹ ሰው ነው። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ንግግሩ የሚጥም። «ምርታችንን እኛ ስላመሰገንነው አይደለም፤ ገለልተኛ ባለሙያዎች ፈትሸውታል» አለና ስክሪኑን ቀየረው። የኔ ገጽ ነው። ድሮ ፎቶ ያነሡት፣ ማስተካከያዬ የሌለበት። አረንጓዴው ክዳን፣ ከሥሩም ግድግዳውን ሞልቶ፣ እያንዳንዱ ፊደል የኔን ቁመት አክሎ፦ ባለቤቴ ከፍቶ አይቷታል።

እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎን ይዘውልኝ እስኪመጡ ድረስ አላወረድኩትም።

«ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ውሸት ነው። ያን ጊዜ አልከፈታትም፤ ማኅተም ነበረባት። አሁን ከፍቷታል። ጊሯ ፕላስቲክ ነው። ስክሪኑን ቢቀይሩት ደስ ይለኛል፤ ባለቤቴ ያላየውን አየ መባል አይወድም።»

አንዳንዱ ሳቀ። የአምራቹ ሰው አመሰገነኝ፤ በዕረፍት ሰዓት እንነጋገራለን አለኝ። አልተነጋገርንም። ስክሪኑን ግን ቀየረው።

በዕረፍት ሰዓት ማንም አልቀረበኝም፣ ከአንድ ሰውዬ በቀር። ቡናውን ይዞ አጠገቤ ቆመና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ስለ ፍራሽ ነው የምጽፈው» አለኝ። «እስካሁን አርባ ፍራሽ ገምግሜአለሁ። አንዱ ላይ እንኳ ተኝቼ አላውቅም።» የቤቱ ፍራሽ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ወገቤን ፈጅቶኛል» አለ።

እሑድ

ሁለተኛውን ቀን ትቼ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ወርክሾፑ ክፍት ነበር፤ እሑድ አይከፍትም።

«ጠቀመሽ?» አለኝ።

በመንገድ ሙሉ ያሰብኩበት ጥያቄ ነው። አዲስ ኮሚሽን አላገኘሁም፣ ካርድ አልተቀበልኩም፣ አንድ አምራች ጠላት አፍርቻለሁ። ስክሪኑን ነገርኩት፣ የተናገርኩትንም ቃል በቃል። እስክጨርስ ድረስ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። «ጠቀመኝ» አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ አዲስ ማሽን አለች፤ ሌላ አምራች የላካት፣ ዓርብ ስወጣ ገና በሳጥኗ የነበረችው። ካቻቪቴው አጠገቧ ተቀምጧል። ቡሎኖቿ አልተነኩም።

«ቅዳሜ ትከፍታታለህ ብዬ ነበር እኮ» አልኩት።

«ትናንት አንቺ አልነበርሽማ» አለ፤ ወንበሬንም ሳበልኝ።